የማሽላ ፈልሳፊዎች

በምሥራቅ ሱዳን፣ በአትባራ ወንዝ ዳር፣ ኻሽም ኤል ጊርባ ከምትባለው ከተማ አጠገብ ከመሬት የወጡ የገል ስባሪዎች አሉ። ሸክላ ሠሪዋ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅባት ከውቂያ የተረፈ ገለባ ደባልቃ አቡክታዋለች። ሸክላው ሲተኮስ ገለባው ነዶ ጠፋ፤ የተኛበት ቦታ ግን ክፍት ሆኖ ቀረ። ተመራማሪዎች በዚያ ክፍተት የላስቲክ ፈሳሽ አፍስሰው፣ ሲረጋ አውጥተው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ቢመለከቱት የማሽላ ቅርፊት ሆኖ አገኙት። ፍራንክ ዊንቸልና ባልደረቦቹ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2017 አሳተሙት። ገሎቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3500 እና በ3000 መካከል የተሠሩ ናቸው። የሰው ልጅ ማሽላን ከዱር አውጥቶ ማላመዱን ከሚያሳዩት፣ እስካሁን ከታወቁት ማስረጃዎች ሁሉ ቀደምቱ ይኸው ነው።

ነገሩ የተለየው በቅርፊቷ ሥር ባለች ጠባሳ ነው። የዱር ማሽላ ፍሬ ስትደርስ ከዘለላዋ የምትለቅበት መገጣጠሚያ አላት፤ ነፋስ ሲነካት ትረግፋለች፤ የለቀቀችበት ቦታም ልስልስ ነው። ከገሎቹ ከወጡት ቅርጾች ከፊሎቹ ግን ሥራቸው የተቦጨቀ ነው። እነዚያ ፍሬዎች በራሳቸው አልረገፉም፤ ተወቅተው፣ በኃይል ተገንጥለው ነው የወጡት። በሌላ አነጋገር፣ ያለ ሰው እጅ ራሷን መዝራት የማትችል ማሽላ ያን ጊዜ ተወልዳ ነበር።

ይህ እንዴት ሆነ? ከብዙ ሺህ የዱር ማሽላ መካከል በተፈጥሮ ስሕተት ፍሬዋን የማትለቅ አንዳንድ ተክል ትበቅላለች። ለራሷ ለተክሏ ይህ ጉድለት ነው፤ ዘሯን መበተን አቃታት ማለት ነውና። ዘለላውን በማጭድ አጭዶ ወደ ቤት ለሚያስገባ ሰው ግን በረከት ነው። የረገፈው ሜዳ ላይ ይቀራል፤ ዘለላው ላይ የቆየው ቤት ይገባል፤ ለከርሞ የሚዘራው ደግሞ ቤት የገባው ነው። ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም፣ የልጅ ልጅ ልጆች ዘመን ሲደርስ፣ እርሻው ሌላ ተክል ይዞ ተገኘ። በገሎቹ ላይ ልስልሱም የተቦጨቀውም ጎን ለጎን ታትመው መገኘታቸው ሥራው ገና በመካሄድ ላይ እንደነበር ይነግረናል። ፈልሳፊዎቹን ያገኘናቸው ሥራ ላይ እንዳሉ ነው።

በትምህርት ቤት የፈልሳፊዎችን ስም በቃላችን አጥንተናል። ስልክ ቤል፣ አምፖል ኤዲሰን፣ ራዲዮ ማርኮኒ፣ ፔኒሲሊን ፍሌሚንግ። ማሽላ ተብሎ የተጠየቀ ልጅ ግን የለም። በዓለም ከ500 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በማሽላ እየኖረ፣ ማሽላ የተፈጥሮ ስጦታ ተደርጎ ይቆጠራል እንጂ የሰው ሥራ አይባልም። እኔ ይህን አልቀበልም። የሚሰጠው ምክንያትም ሲመረመር አይቆምም። እነዚያ ሰዎች የሚሠሩትን ዐውቀው አልሠሩም፣ ዓላማ አልነበራቸውም ይባላል። ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1928 ሻጋታው ባክቴሪያውን ሲገድል ያየው አስቦበት ነበርን? ሻጋታው ሳህኑ ላይ የወደቀው በአጋጣሚ ነው። መድኃኒት ለመሆንም ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ የፍሎሪንና የቼይንን ሥራ ጠብቋል። ፍሌሚንግን ትልቅ ያደረገው ሻጋታውን አጥቦ አለመጣሉ ነው። ያልተጠበቀውን ነገር ልብ ብሎ ማቆየት የፈልሳፊ ሥራ ከሆነ፣ ከአትባራ ዳር የነበረችውም ሴት ዘለላ መርጣ ለዘር ስታስቀምጥ ይህንኑ አድርጋለች።

አትባራ ከኛው ደጋ የሚወርድ ወንዝ ነው። ጓንግ ከጎንደር ምዕራብ ተነሥቶ በመተማ በኩል ያልፋል፤ ተከዜም ሰቲት ተብሎ ሱዳን ውስጥ ይቀላቀለዋል። ከመተማ ዮሐንስ ወደ ጋላባት ተሻግሮ በዶካ በኩል ገዳሪፍ የገባ ሰው መረሬውን ያውቀዋል፤ በበጋ እግር እስኪያስገባ የሚሰነጠቅ፣ በክረምት መኪና የሚውጥ ጥቁር አፈር ነው። እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በምሥራቅ አፍሪካ የነበረውን ሠራዊታቸውን ለመቀለብ ገደምባሊያ ላይ በትራክተር ማሳረስ ጀመሩ። ዛሬ ገዳሪፍ የሱዳን የማሽላና የሰሊጥ ጎተራ ናት። ለአረሙና ለአጨዳው ከጎንደርና ከትግራይ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ብዙ ነው። ያ ሠራተኛ የሚያጭደው ማሽላ፣ ከገዳሪፍ በስተሰሜን ካለው የገሎቹ ቦታ ጋር ሲታሰብ፣ ከአምስት ሺህ ዓመት በላይ ሳይቋረጥ የቀጠለ ሥራ ነው።

በዚህ ሥራ ላይ ስሙ የሚታወቅ ሰው የመጣው በኛ ዘመን ነው፤ እሳቸውም ኢትዮጵያዊ ናቸው።

ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ እ.ኤ.አ. በ1950 በምዕራብ ሸዋ፣ በኦሎንኮሚ፣ በአንዲት የሣር ጎጆ ተወለዱ። ትምህርት ቤቱ 20 ኪሎ ሜትር የሚርቅ በመሆኑ እሑድ እሑድ በእግራቸው ሄደው ሳምንቱን እዚያው ከርመው ዓርብ ይመለሱ ነበር። ከጅማ የግብርና ትምህርት ቤት ወደ ዓለማያ ኮሌጅ ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1973 ጆን አክስቴል የሚባሉ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ መምህር የኢትዮጵያን ማሽላ ለመሰብሰብ ሲመጡ ወጣቱ ገቢሳ አብረዋቸው ሠሩ። አክስቴልና ባልደረባቸው ዘጠኝ ሺህ ያህል የማሽላ ዓይነት ፈትሸው ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ንጥረ ነገር በብዛት የተገኘባቸውን ሁለት ዓይነቶች ያገኙት ከወሎ ነው። የወሎ ገበሬ እንዲህ ያለውን ማሽላ እሸቱን ጠብሶ ይበላው ነበር፤ ለማሽሎቹም ወተት በጉንጬ፣ ማር ጩቄ የሚል ስም አውጥቶላቸው ነበር። ላቦራቶሪው የደረሰበትን ነገር የገበሬው ምላስ አስቀድሞ ደርሶበታል።

ገቢሳ ፐርዱ ላይ ዶክትሬታቸውን እንደጨረሱ እ.ኤ.አ. በ1979 ሱዳን ገቡ፤ ዋድ መዳኒ ተቀምጠው ለዓለም አቀፉ የደረቅ አገር ሰብሎች ምርምር ተቋም መሥራት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1983 ሀጂን ዱራ 1 የተባለው ዲቃላ ማሽላ ወጣ፤ በአፍሪካ ለገበያ ከቀረቡት ድርቅ ቻይ ዲቃላ ማሽላዎች የመጀመሪያው ነው። በሙከራው ከነባሩ ማሽላ ከ50 እስከ 100 በመቶ የበለጠ ምርት ሰጠ፤ ገበሬው ማሳ ላይ ሲዘራው ደግሞ ከዚያም በለጠ። እ.ኤ.አ. እስከ 1999 አንድ ሚሊዮን ኤከር ተዘርቶ ታጨደ።

የዚህን ዲቃላ ትውልድ መቁጠር ያስፈልጋል፤ እዚያ ውስጥ ትልቅ ታሪክ አለ። ማሽላ አበባው ውስጥ ወንዴውንም ሴቴውንም ይዞ ራሱን የሚያዳቅል ተክል ነው። በብዛት ለማዳቀል ወንዴው መካን የሆነ እናት ዝርያ ያስፈልጋል፤ ይህን ዘዴ ስቲቨንስና ሆላንድ እ.ኤ.አ. በ1954 ቴክሳስ ላይ አስታወቁ። የሀጂን ዱራ 1 እናት ቲኤክስ 623 የምትባል የቴክሳስ ዝርያ ናት። ከቲኤክስ 623 ወላጆች አንዱ ደግሞ ዜራዜራ ከሚባለው ወገን የሆነ፣ ከኢትዮጵያ የሄደ ማሽላ ነው። ዜራዜራ የኢትዮጵያና የሱዳን ወሰን ማሽላ ነው። እንግዲህ የወሰኑ ዘር ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ ገባ፤ አይኤስ 12661 የሚል ቁጥር ወጣለት፤ ቀኑ ሲያጥር ብቻ የሚያብብ ረጅም ተክል ስለነበር ቁመቱንና የአበባ ጊዜውን አሳጠሩት፤ በመጨረሻ በአንድ ኢትዮጵያዊ እጅ ወደ ሱዳን ተመለሰ።

በዚያው ጊዜ ሌላም ነገር ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ኢትዮጵያዊ ረኀብና ጦርነት አሳዶት ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሰደደ፤ ገዳሪፍ አካባቢ ያሉት ኡም ራኩባና ተዋዋ በሰው ተሞሉ። ሱዳንም ራሷ ተራበች። ከአሜሪካ በመርከብ የመጣውን የዕርዳታ ማሽላ ሱዳኖች በፕሬዚዳንቱ ስም ዓይሽ ሬገን አሉት። አሜሪካ ከአፍሪካ ካልተወሰደ ዘር የራሷ ማሽላ የላትም። የማሽላ መገኛ የሆነ ምድር ልጆች ማሽላ ሲመጸወቱ ማየት ልብ ይሰብራል። እውቀቱና ዘሩ ጎን ለጎን እያሉ ሰው የተራበው በድርቁ ብቻ አልነበረም፤ ጦርነትና መንግሥታት አሉበት።

ሀቁን ለመናገር፣ ሀጂን ዱራ 1 በዋናነት የተስፋፋው በገዚራ መስኖ ላይ ነው እንጂ በገዳሪፍ ዝናብ ጠባቂ እርሻ አይደለም። ዲቃላ ዘር በየዓመቱ ይገዛል፤ ገበሬው ካጨደው ቢዘራ የልጁ ጠባይ ከወላጁ ይለያል። ከአምስት ሺህ ዓመት በላይ ዘርን ከጎተራ የወሰደ ገበሬ ለዚህ አዲስ ልማድ ገንዘብም ገበያም ያስፈልገዋል። ለገዳሪፍ ገበሬ የሚቀርበው የገቢሳ ሁለተኛ ሥራ ነው፤ እኔም ከመጀመሪያው አስበልጠዋለሁ።

አቀንጭራን ያላየ ሰው አበባ መስሎት ይቀጥፈዋል። ሮዝ አበባ ያለው ቀጭን ተክል ነው፤ ሱዳኖች ቡዳ ይሉታል። ገበሬው አበባውን ባየ ጊዜ ነገሩ አብቅቷል፤ አረሙ ከመሬት ብቅ ከማለቱ በፊት ከማሽላው ሥር ተጣብቆ ውኃውንና ምግቡን ለሳምንታት መጥጧል። ማሽላው ዝናብ እየዘነበለት ይጠወልጋል። አንዷ አቀንጭራ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር፣ ከትቢያ የማይለይ ዘር ትበትናለች፤ ያም ዘር አፈር ውስጥ እስከ ሃያ ዓመት ሳይሞት ይቆያል። ዝናብ ብቻውን አይቀሰቅሰውም። የሚነቃው የማሽላ ሥር ወደ አፈሩ የሚለቀው አንድ ንጥረ ነገር ሲደርሰው ነው።

ከዚህ ወገን የሆነ ንጥረ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ከጥጥ ሥር ተነጥሎ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ተክል ገዳዩን ለምን ይጠራል የሚለው ጥያቄ ግን ወደ አርባ ዓመት ገደማ መልስ አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ2005 የጃፓን ተመራማሪዎች ደረሱበት፤ ተክሉ የሚጠራው ፎስፈረስ የሚያቀብለውን ወዳጁን፣ የአፈር ፈንገስን ነው። አቀንጭራ የሌላውን ጥሪ ሰምቶ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ማሽላው ጨርሶ ዝም ቢል ወዳጁን ያጣል፤ ቢናገር ጠላቱ ይሰማዋል። በተፈጥሮ ውስጥ እንዲህ ያለ ጭንቅ እንዳለ ማወቁ ብቻውን አእምሮን ያስደንቃል።

ገቢሳ ፐርዱ ከተመለሱ በኋላ ላሪ በትለር ከሚባሉ የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ጋር ይህን ችግር ያዙት። ቀድሞ አቀንጭራ የሚቋቋም ማሽላ የሚፈለገው በተወረረ ማሳ ላይ በመዝራት ነበር፤ አፈሩና ዝናቡ እየተለዋወጡ ውጤቱን ያዛባሉ። እነሱ ክዳን ባለው ጠፍጣፋ ሳህን፣ ከባሕር ዕፅ በሚወጣ የረጋ ነገር ውስጥ የአቀንጭራ ዘር በተኑ፤ አንዲት የማሽላ ቡቃያም ተከሉበት። ከቀናት በኋላ ሳህኑን በማይክሮስኮፕ ሥር አድርገው፣ ከሥሩ ርቃ የበቀለችው የመጨረሻዋ የአቀንጭራ ዘር ስንት ሴንቲ ሜትር ላይ እንዳለች ለኩ። ርቀቱ ረጅም ከሆነ ማሽላው ጮኾ ይጠራል፤ አጭር ከሆነ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። በማስመሪያ በሚለካ ርቀት የአፈር ውስጥ ምሥጢር ተገለጠ። ኤስአርኤን 39 የሚባለው ማሽላ አጠገቡ ካሉት ዘሮች እንኳ ብዙዎቹን አይቀሰቅስም ነበር። ይህ ጠባይ ወደ ሌሎች ዝርያዎች ተዛወረ፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ስምንት ቶን ዘር ኢትዮጵያንና ሱዳንን ጨምሮ ለበርካታ የአፍሪካ አገሮች ተከፋፈለ። ጎብዬና አብሺር የሚባሉትን የኢትዮጵያ ገበሬ ያውቃቸዋል። ለዚህ ሁሉ ሥራ ፕሮፌሰር ገቢሳ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግኝት ነው ለዚህ ሐተታ ምክንያት የሆነኝ። እ.ኤ.አ. በ2017 ዳንኤል ጎበና፣ ተስፋዬ መንግሥቴ፣ ገቢሳ እጀታና ባልደረቦቻቸው ምሥጢሩ ያለበትን ዘረመል አገኙት። በሚቋቋሙት ማሽላዎች ውስጥ አንድ ዘረመል ጠፍቷል ወይም ተበላሽቷል፤ በዚህም ምክንያት ጥሪው ሳይቋረጥ ዓይነቱ ተቀይሯል፤ አቀንጭራም ለተቀየረው ጥሪ እምብዛም አይነቃም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የአፍሪካ ገበሬዎችን ነባር ማሽላዎች መርምሮ፣ ይህ የተበላሸ ዘረመል አቀንጭራ በሚበዛበት አካባቢ በብዛት እንደሚገኝ አሳየ። ገበሬው ማሳው ላይ የጸናለትን ዘለላ እየመረጠ ሲዘራ፣ ሳያየው ያንን ዘረመል ሲመርጥ ኖሯል ማለት ነው። መፍትሔው ሳይንስ ሳይደርስ ማሳ ላይ ነበር።

ታዲያ ሳይንቲስቱ ምን ጨመረ? ብዙ ጨመረ። ገበሬው መፍትሔው ነበረው፤ ለምን እንደሚሠራ ግን አላወቀም። ለምን እንደሚሠራ ያልታወቀ ነገር ከተገኘበት ቦታ አይርቅም። ያ ዘለላ በአንድ ቀበሌ ይጸናል፣ ከዚያ ማዶ ያለው መንደር ግን በአቀንጭራ ያልቃል፤ አንዱ ለሌላው የሚያካፍለው ምክንያት የለውም። ምክንያቱ ሲታወቅ ጠባዩ ከተክሉ ተለይቶ ወደ ሌላ ተክል፣ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል። ሳይንስ እውቀትን ከቦታው የሚያንቀሳቅስ ኃይል ነው፤ ክብሩም ይኸው ነው። ዕዳውም ከዚሁ ይመጣል፤ እውቀቱ ሲንቀሳቀስ የተነሣበት ቦታ ይረሳል። ወተት በጉንጬ ቁጥር ይሆናል። ከሦስትና ከአራት እጅ በኋላ ወሎ ወይም ጋላባት የሚል ቃል መዝገቡ ላይ አይገኝም።

በዚህ ጉዳይ ሁለት ንግግሮች ይሰማሉ፤ ሁለቱንም አልወድም። አንዱ ሁሉም የኛ ነበር፣ ተወሰደብን ይላል። እኛ ዘንድ ሳለ ያላየነውን ጠባይ አውጥተው ያሳዩት ብዙ ዓመት በላቦራቶሪ የደከሙ ሰዎች ናቸው፤ ያን ድካም መካድ ገቢሳንም መካድ ነው። ሌላው ገበሬው ጥሬ ዕቃ አቀረበ፣ ፈልሳፊው ሳይንቲስቱ ነው ይላል። ጥሬ ዕቃ የሚባለው በተፈጥሮ የሚገኝ ነገር ነው፤ ማሽላ ግን ከገሎቹ ዘመን ጀምሮ የተሠራ ነገር ነው። ዶክተር መላኩ ወረደ ይህን ከብዙዎች ቀድመው ተረድተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመውን የዕፅዋት ዘር ሀብት ማዕከል ሲመሩ ነባሩን ዘር ከገበሬው ጋር ሆነው ማሻሻልን መረጡ፤ በድርቁም ዘመን ዘር ሳይበላ እንዲሰበሰብ ታገሉ። እ.ኤ.አ. በ1989 በስዊድን የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ሲቀበሉ፣ በእንዶድ ምርምራቸው የታወቁት አክሊሉ ለማና ለገሠ ወልደ ዮሐንስም በዚያው ዓመት ተሸልመዋል። በአንድ ዓመት ሦስት ኢትዮጵያውያን፣ ሦስቱም ገበሬው ሲያውቀው የኖረውን ተክል ይዘው።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ፕሮፌሰር ገቢሳ በዋይት ሐውስ የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳልያ ተቀበሉ። በታኅሣሥ ወር፣ በሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት፣ ሀጂን ዱራን ያወጡባት ዋድ መዳኒ የሱዳንን ጦር በሚዋጋው ፈጥኖ ደራሽ ኃይል እጅ ወደቀች። የሱዳን የዘር ባንክ በዚያች ከተማ ነበር፤ ተዘረፈ። ሕዝቡ ወደ ገዳሪፍ ጎረፈ፤ ከፊሉም ጋላባትን ተሻግሮ መተማ አካባቢ ኩመርና አውላላ ተጠለለ፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ኢትዮጵያውያን በሄዱበት መንገድ ሱዳኖች መጡ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ከጥፋቱ የተረፈው የሱዳን ዘር፣ ማሽላው ጭምር፣ በኖርዌይ ስቫልባርድ በረዶ ውስጥ ገባ።

በረዶ ውስጥ ያለ ዘር ይተርፋል፤ ከአቀንጭራ፣ ከድርቅና ከአዲስ በሽታ ጋር የሚታገለው ግን ማሳ ላይ ያለው ነው። በመተማ፣ በቋራ፣ በሁመራም ያለው ማሳ ጦርነት እየተመላለሰበት ነው። አንባቢ ሆይ፣ በነዚህ አገሮች ወይም በወሎ፣ በሐረርጌ የሚያርስ ዘመድ ካለህ፣ የሚዘራውን የማሽላ ዓይነት ስሙን፣ ጠባዩን፣ ከማን እንደወረሰው ጠይቀህ ጻፍ፤ ከዘሩም ጥቂት ከስሙና ከቀበሌው ጋር ለኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት አድርስ። መምህር ከሆንክም የፈልሳፊዎችን ስም ስታስተምር ከኤዲሰን ቀጥለህ ገቢሳ እጀታን አንሣ፤ የአትባራ ዳሯንም ሸክላ ሠሪ አብረህ ንገራቸው።